እርማት፦ ቁስሉ ስላነሰ ጉዳቱ አነሰ ማለት አይደለም

ባሕር ዳር ውስጥ ብየዳ ቤት በኤሌክትሪክ ስለተመታው ወጣት ከተሰጡት አስተያየቶች መካከል፣ «ተነሥቶ ከቆመና ጣቱ ብቻ ከተቃጠለ፣ ወተት ጠጥቶ ሥራውን ይቀጥል» የሚለው ተደጋግሟል። በቅንነት የተሰጠ ምክር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ትክክል አይደለም። ኤሌክትሪክ በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ወይም በእግር ሲወጣ፣ ቆዳው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች ምልክት ብቻ ትቶ፣ በመካከል ያለውን ጡንቻና ነርቭ ሊያቃጥል፣ የልብንም ምት ሊያዛባ ይችላል፤ የቤታችን 220 ቮልትም ለዚህ አያንስም። (ወተቱ ልማድ እንጂ መድኃኒት አይደለም።) የውስጥ ጉዳት መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ የሚቻለው ፈለገ ሕይወትን በመሰለ ሆስፒታል የልብ፣ የደምና የሽንት ምርመራ በማድረግ ነው፤ በተለይ ሽንቱ እንደ ጠላ ከጠቆረ፣ የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊቱን እያወከ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይታከም ማደር የለበትም።