ባቫ ከ1960 በፊትም ዳይሬክት አድርጓል

ስለ ጣሊያናዊው የፊልም ሠሪ ማሪዮ ባቫ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ፣ ባቫ ዳይሬክተር የሆነው እ.ኤ.አ. በ1960 «ላ ማስኬራ ዴል ዴሞኒዮ» የተሰኘውን አስፈሪ ፊልም ሲሠራ ነው ይላል። ስሙ በዳይሬክተርነት የሰፈረበት የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም እሱ መሆኑ ልክ ነው። ግን ዳይሬክተሩ ሪካርዶ ፍሬዳ «ኢ ቫምፒሪ» የተሰኘውን ፊልም (1957) ጥሎ ሲሄድ የጨረሰው ካሜራማኑ ባቫ ነው። በ1959 «ካልቲኪ» ላይም ያው ተደገመ።

ጽሑፉ በ«ኢ ቫምፒሪ» ውስጥ ሴትዮዋ ሳይቆረጥ በአንድ ሾት የምታረጅበትን ትዕይንት «የሜካፕ ጥበብ» ብሎ ማለፉም ያስቆጫል። ጭምድዱ አስቀድሞ በቀይ ቀለም ፊቷ ላይ ይሳላል። በቀይ ብርሃን ቆዳውም መስመሩም እኩል ስለሚፈካ ጥቁርና ነጭ ፊልም አይለያቸውም። ቀዩን ቀስ እያሉ ቀንሰው አረንጓዴውን ሲጨምሩ መስመሩ ይጠቁርና አሮጊቷ ብቅ ትላለች። የሁለቱ መብራቶች ጉልበት ካልተመጣጠነ ግን ፊቷ በሙሉ ይጨልምና ተንኮሉ ይነቃል። በከለር ፊልም ጭራሽ አይሠራም፤ የብርሃኑ ቀለም ራሱ ይታያላ! (ዘዴው የእሱ ፈጠራ አይደለም፣ ሆሊውድ በ1931 ተጠቅሞበታል።)

በ1965ቱ የጠፈር ፊልሙም ጥቂት የፕላስቲክ ድንጋዮችን በመስታወት አብዝቶ፣ ስቱዲዮውን በጭስ ሞልቶ ፕላኔት ያደረገው በዚሁ የካሜራማን እጁ ነው።