ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን አውሮፓ የወሰዳቸው ትልቅ ኩባንያ አይደለም

ወንድሜ፣ «ሳክስፎኒስቱን ጋሽ ጌታቸውን ከፈረንጅ ፐንኮች (ፈጣንና ጩኸት የበዛበት ሮክ ከሚጫወቱ) ጋር ያገናኛቸው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ነው፤ ቱር (ከከተማ ከተማ እየዞሩ ኮንሰርት ማቅረብ) እንደሆነ ሆቴልና ፓርቲ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

ፐንኮቹ ዘ ኤክስ ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 አምስተርዳም፣ ኔዘርላንድ ውስጥ የተመሠረተ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ባንድ ነው። በ2004 ለ25ኛ ዓመት በዓሉ ጋሽ ጌታቸውን ጋበዘ። ከዚያ በኋላ «አልበም ስሠራ እናንተ አጅቡኝ» ያሉት ራሳቸው ጋሽ ጌታቸው ናቸው! አልበሙ በ2006 ወጣ። ባንዱን የመረጡት ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሳክስፎኒስት ራሳቸው መሆናቸው እንዲረሳ አልፈልግም።

የቱር ኑሮም ቢሆን እንደምታስበው አይደለም። እንዲህ ዓይነት ባንዶች ቀናቸው የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው። ዕቃ መጫን፣ መንዳት፣ ማውረድ፣ ድምፅ መፈተሽ፣ ከዚያ ደግሞ ተራ እስኪደርስ ለረጅም ጊዜ መጠበቅ። መድረክ ላይ የሚቆዩት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ሆቴል ሁሌ አይገኝም፤ አንዳንዴ አዘጋጆቹ ቤት ፍራሽ ተነጥፎላቸው ያድራሉ። እራቱንም የሚያበስሉላቸው እነሱው ናቸው። የነዳጁን ወጪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያግዘው ከኮንሰርቱ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚሸጠው ሲዲና ቲሸርት ነው።