የመዝገብ ስህተት በፍሉድ አይጠፋም

ሰላም ወገኖች። «የመድኃኒት ምርት መዝገብ ላይ ከተሳሳታችሁ በነጭ ፍሉድ አጥፉት ወይም ገጹን እንደ አዲስ ገልብጡት፤ ኦዲተር ስርዝ ድልዝ አይወድም» የሚል ምክር እየተዛመተ ነው። በቅንነት የተሰጠ ይመስለኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

51.2 ኪሎ ለማለት 52.1 ከተጻፈ፣ ስህተቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰመራል። የድሮው ቁጥር መነበብ አለበት። አጠገቡ ትክክለኛው ቁጥር፣ ፊርማና ቀን ይቀመጣል። እንዳስፈላጊነቱ ምክንያቱም ይጻፋል። ማረጋገጥ የሚፈልግ የአውሮፓ ኅብረትን የጂኤምፒ (መልካም የመድኃኒት አመራረት አሠራር) መመሪያ ምዕራፍ 4፣ ቁጥር 4.9 ከፍቶ ይመልከት።

ገጹን መገልበጥ ሥራው ሲሠራ የተጻፈውን ዋናውን ማስረጃ ያጠፋል። ኦዲተርን የሚያስደነግጠው ይሄ ነው፤ መረጃ እንደመደበቅ ሊቆጠር ይችላል። በሽተኛ ላይ ጉዳት ቢደርስ ደግሞ ያ ባች (በአንድ ዙር የተመረተው መድኃኒት) ሲመረት ምን እንደተፈጠረ ማጣራት ይከብዳል።