ሁሉ ሲረክስ ቦታ ይወደዳል

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ተነስቼ፣ በአራት ኪሎ አድርጌ ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ወረድኩ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ያደግኩበት መንገድ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ቆሜ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል። መብራቱ ያምራል። እኔ በልጅነቴ ከጭቃ ጋር ስታገል ባደግኩበት ሰፈር ልጆች በምሽት ብስክሌት ሲነዱ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ ነው። ግራፊክስ ዲዛይነር ነው። ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቶ እየጠጣን ስልኩን አውጥቶ ሥራውን አሳየኝ። ድሮ ሦስት ቀን የሚፈጅበትን ማስታወቂያ አሁን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። «ታዲያ ተመቸህ በለኛ!» አልኩት።

«ጋሼ፣ ደንበኛውም እኮ መሣሪያው በእጁ ነው» አለኝ።

ሥራው ሲቀል ክፍያውም ወረደ። የተከራያት ሰርቪስ ቤት ግን በዚሁ ዓመት ኪራይዋ ሁለት ጊዜ ጨምሯል።

እኔም ጋ ያው ነው። አሜሪካ ቴሌቪዥን በየጊዜው ይረክሳል። በትንሽ የወር ክፍያ የዓለምን ሙዚቃ ትሰማለህ። የቤት ኪራዬ ግን የደመወዜን ግማሽ ሊበላ ምንም አልቀረው። አብረውኝ የመጡ ሐበሾች ቤት ለመግዛት ፍሬድሪክ እስከምትባል ራቅ ያለች ከተማ ድረስ ወጥተዋል። ጠዋትና ማታ መንገድ ላይ ናቸው።

ማሽን ሁሉን ነገር የሚያመርትበት ዘመን መጥቷል፣ ያኔ «የእኔ፣ የአንተ» ማለት ይቀራል፣ ካፒታሊዝምም ያበቃለታል የሚሉ ሰዎች እዚያ በዝተዋል። እኔ ግማሹን ነው የማምነው። ሊባዛ የሚችል ነገር ይረክሳል፤ እውነት ነው። አንድን ዘፈን ለሚሊዮን ሰው ማዳረስ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። ካዛንቺስን ግን ማንም አያባዛትም። ሌላው ሁሉ ሲረክስ ኪሳችን ውስጥ የተረፈው ብር ወደማይባዛው፣ ወደ ቦታ ይሮጣል። ሄንሪ ጆርጅ የሚባል አሜሪካዊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1879 ጽፎታል። ሥልጣኔ ሲጨምር ትርፉን የሚያፍሰው ባለመሬቱ ነው፣ ስለዚህ ግብሩ በመሬት ዋጋ ላይ ይጣል ነበር ያለው። (የሚባዛውም ቢሆን ሁልጊዜ የእኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የሸጣቸውን አንዳንድ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ኪንድል ከሚባለው የገዢዎች ማንበቢያ መሣሪያ ላይ በርቀት ሰርዟል። ገንዘቡን መለሰ፤ መጽሐፉ ግን ጠፋ።)

እኛ አገር የመሬት ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የተመሙት በ1957 እዚሁ አራት ኪሎ ነው። በ1967 የካቲት ላይ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ። የማይባዛውን ነገር የጋራ ማድረግ፣ ለመጪው ዘመን ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ግን የጋራ ከሆነ ድርሻዬ የት አለ? መሬት አይሸጥም፤ ሊዙ ግን በካሬ ይጫረታል። ለልማት የሚነሳ ሰው በዋናነት ካሳ የሚያገኘው መሬቱ ላይ ላቆመው ንብረት ነው፤ የቦታው ዋጋ አይታሰብለትም። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ደግሞ ተከራይ ነው፤ ምትክ ቤት ይሰጠዋል።

አክስቴ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ከተነሱት አንዷ ናት። አርባ ዓመት የኖረችው በቀበሌ ቤት ነው። እንጀራ እየጋገረች አካባቢው ላሉ ቢሮዎችና ምግብ ቤቶች ትሸጥ ነበር። አሁን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ሄጄ ጠየቅኋት።

«ቤቱስ ጥሩ ነው ልጄ። ሽንት ቤቱም የራሴ ነው። ግን እዚህ ሁሉም እንጀራውን ራሱ ይጋግራል፤ ለማን ልሽጥ?»

ያጣችው ግድግዳና ጣሪያ አልነበረም። ያጣችው ቦታውን ነው፤ ደንበኛውን፣ እድሩን፣ በዱቤ የሚሰጣትን ባለሱቅ። ያ በየትኛውም ካርታ ላይ አልተጻፈም።

አላስካ የምትባለው የአሜሪካ ግዛት ከነዳጅ ገቢዋ ፈንድ አቋቁማ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ ለነዋሪዎቿ ለእያንዳንዳቸው ገንዘብ ትከፍላለች። ልጅ፣ ሽማግሌ ሳይል። ብዙ ሀብት አይደለም፤ ግን «የሕዝብ ሀብት» የሚለው ቃል ቢያንስ በዓመት አንዴ ሰው እጅ ይገባል። የአዲስ አበባ እምብርት የእኛ ነዳጅ ነው። ከሊዙ ገቢ ላይ ተቆርሶ፣ ቦታውን ለለቀቁት በየዓመቱ የሚደርስ ድርሻ ቢኖር ምን ይከለክላል? መሬቱን ውድ ያደረጉት እነሱም ጭምር ናቸው። አርባ ዓመት ኖረውበት፣ ነግደውበት፣ ቀብረውና ድረው ነው ሰፈር ያደረጉት።

አክስቴ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ በሦስት ታክሲ ካዛንቺስ ትመጣለች። አንድ የድሮ ደንበኛ አላት፣ ሃያ እንጀራ ይወስድላታል። ትራንስፖርቱ ትርፉን እንደሚበላው ነገርኳት። ታውቀዋለች።

«ሰው አይቼ ልምጣ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ሰፌዱን በነጠላዋ እየሸፈነች።