ሁሉም ይመቸኛል

አንድን ትልቅ ኮርስ በምድብ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ምድብ በበይነ መረብ ቱቶሪያል መስጠት ወረቀት ላይ ሲታይ ከማካፈል ስሌት የሚያልፍ ሥራ አይመስልም። የስታትስቲክስ መግቢያን የሚወስደው የማታና የርቀት ተማሪ ከሁለት መቶ በላይ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚገኘው ዙም ደግሞ ከ100 ሰው በላይ አያስገባም፤ ቢያስገባም የዚያን ሁሉ ሰው ጥያቄ በአንድ ምሽት የሚመልስ ቱቶር የለም። ስለዚህ ተማሪውን ስምንት ቦታ ከፍሎ ለየምድቡ አንድ ቱቶር፣ አንድ ሰዓትና አንድ ሊንክ መደልደል ነው። ይህን ያሰበው አስተባባሪ ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ ወሎዬ አንድ ጊዜ ከተሰበሰበ በኋላ «ተከፋፈሉ» ሲባል ምን ብንበድል ነው ብሎ የሚጨነቅ መሆኑን ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ሰዓት መምረጥ ነበር። በቴሌግራም ድምፅ መስጫ ወጣ፤ ከአንድ በላይ መምረጥ ስለሚቻል ሁሉም ሰው ሁሉንም መረጠ። ከደሴም፣ ከሐይቅም፣ ከወልድያም የመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ለእናንተ ከተመቸ ለኛ ሁሉም ይመቸናል።» እንዲህ ያለ ጨዋነት ለጎረቤት በረከት ነው፤ ፕሮግራም ለሚያወጣ ሰው ግን ከአድማ ይብሳል፤ አድመኛ ቢያንስ የማይፈልገውን ይናገራል። ፕሮግራሙ ከተለጠፈ በኋላ ግን እውነቱ በውስጥ መስመር፣ አንድ በአንድ፣ ከብዙ ይቅርታ ጋር መምጣት ጀመረ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ። ቅዳሜ የእድር ቀብር ሊኖር ይችላል፤ ማን እንደሚሞት ገና ባይታወቅም ቀኑን ክፍት መተው ይገባል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ማኅበር አለ። ከመግሪብ በፊት ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ከዒሻ በኋላ ያለውን ደግሞ መብራት ኃይል ቀድሞ ይዞታል።

እንደ ምንም ምሽት አንድ ሰዓት ተባለ። ዙም ይህን በራሱ አቆጣጠር 7:00 ብሎ ስለሚጽፈው፣ ጽሑፉን ያመኑ ጥቂት ተማሪዎች ከቀትር በኋላ በሰባት ሰዓት ገብተው ስድስት ሰዓት ሙሉ በመጠባበቂያው ክፍል በትዕግሥት ተቀምጠዋል። ማንም አላማረረም፤ እዚያው መተዋወቃቸውን ነው የተናገሩት።

ነፃው ዙም በ40ኛው ደቂቃ ይዘጋል። ዙምን የሠሩት ሰዎች ሰላምታ የሚባለውን ነገር አስበው እንደማያውቁ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ከኮምቦልቻና ከባቲ የገቡት የቬንቲሌተር ድምፅ ያሰማሉ፤ ከደሴው ጦሳ ተራራ ሥር ያሉት በጋቢ ተጀቡነው ብርዱን ያማርራሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስለ አየሩ መጠያየቅ ግድ ነው። ቀጥሎ ልጆች ይጠየቃሉ፣ ከልጆች በኋላ ከብቱ፣ ከከብቱ በኋላ ዝናቡ። ከዚያ ከተማሪዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ርእሰ መምህር፣ ያለ ዱዓ የሚጀመር ነገር ስለማይወዱ ማይካቸውን ከፍተው ይመርቃሉ። ምርቃቱ ያማረ ነው። ችግሩ አሚኑ ላይ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ኔትወርክ እንደየአቅሙ ስለሚያደርሰው፣ የመጀመሪያው ምርቃት አሚን ከወገዲ ሲደርስ እሳቸው አራተኛውን ጨርሰዋል፤ አሚኑ የጎደለ መስሏቸው እንደገና ይጀምራሉ። ቱቶሩ የማንንም ማይክ መዝጋት የሚያስችል ቁልፍ በእጁ አለ። ነገር ግን በልጅነቱ ትልቅ ሰው ሲናገር አቋርጦ የማያውቅ ወጣት፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው በምርቃት መሀል በአንድ ጣት አፍ ያስይዝ ዘንድ የትኛው የትምህርት ፖሊሲ ያዘዋል? «አባባ፣ ከፈቀዱ ወደ አማካይ ብንገባ» ለማለት ድፍረት ባገኘበት ደቂቃ ስብሰባው ተዘጋ።

በሁለተኛው ሳምንት የምድብ ሦስት ቱቶር በምሳሌ ያስረዳል የሚል ወሬ ወጣ። ሊንክ ደግሞ እንደ ሠርግ ጥሪ ነው፤ የተጠራው ያልተጠራውን አስከትሎ መምጣቱ ነውር የለውም። በዚያ ምሽት መቶው ቦታ በእንግዳ ሞልቶ የምድብ ሦስት ልጆች ራሳቸው ከውጭ ቀሩ፤ ሰባቱ ቱቶሮች በየባዶ ስክሪናቸው ፊት ተቀምጠው፣ ትንሽ ቆይተው እነሱም ወደ ምድብ ሦስት ለመግባት ሞከሩ።

አስተባባሪው የየምድቡን ተወካዮች ለአስቸኳይ የበይነ መረብ ስብሰባ ጠራ። የሚስማማ ሰዓት ስላልተገኘ ተወካዮቹ በሚኒባስ ተሳፍረው ደሴ ገቡ። በአንድ ቡና ቤት ተቀምጠው አቦሉ ሳያልቅ የስምንቱም ምድብ ፕሮግራም ተደለደለ፤ በቶናው የምድብ ሦስት ቱቶር አማካይንና መካከለኛን በሲኒዎቹ ደርድሮ አስረዳ፤ በበረካው ርእሰ መምህሩ መረቁ፣ አሚኑም ሳይዘገይ በአንድ ድምፅ ደረሰ። በቃለ ጉባኤው መጨረሻ እንደሰፈረው፣ የበይነ መረብ ቱቶሪያሉን አፈጻጸም የሚገመግመው ቀጣይ ስብሰባ እዚያው ቡና ቤት በአካል ይካሄዳል፤ ምድብ ስምንትም ዳቦ ይዞ ይመጣል።