ስማቸውን ጥሩልን

ባለፈው ሰሞን ከስታዲየም ወደ አራት ኪሎ በሚኒባስ እየሄድኩ ነው። ግዮን ሆቴልን እንዳለፍን ሬዲዮው ላይ አንድ ሙዚቃ ገባ። ቤዙ ከሥር ይመላለሳል። ኦርጋኑ ከላይ ዜማውን እየጎተተ፣ እያንቀጠቀጠ ያወርደዋል። ሾፌሩ መሪውን በጣቱ መምታት ጀመረ። ረዳቱ «ጨምረው እስቲ» አለው። ልክ ሲሞቅ ዜና አንባቢዋ ገባች፣ ሙዚቃው ተቆረጠ። አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ «የማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ?» አልኳት። «ክላሲካል ነው» አለችኝ።

እኛ ዘንድ ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ነው። ሞዛርትን ማለታችን አይደለም፤ ግጥም የለውም ማለታችን ነው። ግጥም ከሌለው ደግሞ ባለቤትም የሌለው ይመስለናል። ዜና እስኪደርስ የሚለቀቅ ጊዜ መሙያ አድርገነዋል። ይሄ ነገር ያሳዝነኛል።

ያ ኦርጋን የኃይሉ መርጊያ ነው። ለልጅቷም ነገርኳት። ወዲያው ስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘቻቸው፤ ሂልተን ሳንደርስ ኢርፎኗን ሰክታ እየሰማች ነበር። ስም ማወቅ ይሄን ያህል ነው የሚፈጀው።

ጋሽ ኃይሉ በ1946 ነው የተወለዱት (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ልጅ ሆነው አዲስ አበባ መጡ። በአኮርዲዮን ጀመሩ፣ ጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገቡ፣ ከዚያ ወደ ሌሊት ክበብ ዞሩ። በ1970ዎቹ ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት ኪቦርዱ ላይ እሳቸው ነበሩ።

ዘመኑን እስቲ አስቡት። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ክበብ ገብቶ ያመሸ ሰው በሩ ይዘጋበትና እስኪነጋ እዚያው ያድራል። ባንዱም አብሮ ያድራል። ዘፋኝ ድምፁ ይደክማል፣ ተራ ይለቃል። ኪቦርድ የያዘው ሰው ግን ማን ይተካዋል? እነዚያን ሌሊቶች የተሸከሙት መሣሪያ ተጫዋቾቹ ናቸው። በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው የዋልያስ አልበም ከዚያ ድካም የተገኘ ነው። ከሥሩ ፋንክ ነው፣ ከላዩ የራሳችን ቅኝት፣ መሐሉ ላይ ጃዝ። አንድም ሰው ሳይዘፍንበት ሰውነት ያንቀሳቅሳል። በዓመቱ ደግሞ ግዮን ይጫወት ከነበረው ዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በካሴት አወጡ።

በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ለሥራ ሄደ። ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ጋሽ ኃይሉ እዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮኑንም፣ ሮድስ ፒያኖውንም፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንም ራሳቸው ተጫወቱ፤ ድራሙን ማሽን ያዘላቸው። የካሴቱ ስም ላይ «ክላሲካል» የሚለው ቃላችን አለበት። ከዚያ መድረኩ ራቀ። ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ታክሲ መንዳት ያዙ። ኪቦርዳቸውን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር። ተራ እስኪደርሳቸው አውጥተው ይለማመዳሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ዓመት ከዓመት።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ያን የ1985 ካሴት አገኘ፣ ፈልጎ ደወለላቸው፣ በ2013 እንደገና ታተመ። የአውሮፓና የአሜሪካ መድረክ ተከፈተ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አልበሞቻቸው ወጡ፤ ያኔ ሰባዎቹን አጋምሰው ነበር።

ይሄን ሁሌም እንደ ዕድል ታሪክ ነው የምናወራው። እኔን ግን የሚከነክነኝ ካሴቱ የተገኘበት ቦታ ነው። ባሕር ዳር ነው የተገኘው። እዚሁ እጃችን ላይ ነበር። ስንቶቻችን ገዝተነዋል፣ ሠርግ ላይ ከፍተነዋል፣ መኪና ውስጥ ሰምተነዋል። ሙዚቃው አልጠፋብንም፤ የጠፋብን ስሙ ነው።

ሬዲዮ ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ ሰዓት እንደሚያጥራችሁ አውቃለሁ። ግን የስፖንሰር ስም አንድም ሳይቀር ታነቡ የለ? የዋልያስ ተጫዋቾች ስም ከዚያ ያንሳል። ኪቦርድ ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖ ግርማ በየነ፣ ቤዝ መላከ ገብሬ፣ ድራም ተማረ ሐረጉ፣ ጊታር ማሕሙድ አማን፣ ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ። ጮክ ብዬ ቆጥሬዋለሁ፣ ዐሥር ሰከንድ አይሞላም። ሁሉንም ባይሆን «ዋልያስ ባንድ ነው፣ ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ» በሉና ከዚያ ዜናችሁን አንብቡ።