6 ሩጫ የምታህል ታማኝነት

እንደ ህንዱ የክሪኬት ተመልካች ለአገሩ ጨዋታ የሚቆረቆር ሰው የለም። ሶፋቸው ላይ ተደላድለው ስለ ራንጂ ዋንጫ፣ የህንድ ክልሎች ቡድኖች ስለሚፋለሙበት የአገር ውስጥ ውድድር፣ "የክሪኬታችን መሠረት ነው" ሲሉ አንጀት ይበላሉ። ነገሩ ገብቷቸዋል። መሠረት ይቀበራል እንጂ ማን ያየዋል?

ደግሞስ ከ1934 ጀምሮ የኖረ ውድድር፣ አንዱ ጨዋታ ብቻ አራት ቀን የሚፈጅ፣ ለማየት ማን ጊዜ አለው? ጊዜ ያጡት እኚሁ ሰው አይፒኤል፣ አንዱ ጨዋታ በአንድ ምሽት የሚያልቅበት የህንድ የክለቦች ሊግ፣ ሲመጣ ግን ለ74 ጨዋታ ሁለት ወር ሙሉ ማምሸቱን ያውቁበታል። በየጨዋታው መሀል አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ደቂቃ ተኩል እረፍት አለ፤ ተጫዋቾቹ ውሃቸውን፣ እሳቸው ማስታወቂያቸውን ይጎነጫሉ። ከ2023 እስከ 2027 ያለው የማስተላለፊያ መብት ከ483 ቢሊዮን ሩፒ በላይ የተሸጠው እንዲህ ያለ ዓይን ተይዞ ነው።

ራንጂን ጨርሶ አያዩም ማለት ግን ግፍ ነው። በፈረንጆቹ ጥር 2025 ኮከቡ መቺ ቪራት ኮሊ ከ12 ዓመት በኋላ ለዴልሂ ሊጫወት ነው ሲባል አገር ተንቀሳቀሰ፣ ስታዲየሙ በሺዎች ተጥለቀለቀ፣ ስርጭት ያልተያዘለት ጨዋታም በቀጥታ ይተላለፍ ተባለ። ኳስ ወርዋሪው ሂማንሹ ሳንግዋን፣ ኮሊ ገና 6 ሩጫ (ነጥብ) እንዳስቆጠረ፣ ዊኬቱን፣ ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች፣ ነቅሎ ከጨዋታ አስወጣው። ወዲያው ሰው ወደ መውጫው። ዴልሂ በሦስተኛው ቀን አሸነፈች አሉ። እሳቸው ቻናል ቀይረው ነበር።

ጠባብ ናቸው እንዳትሉ ደግሞ፣ የውጭ ሊግም ይከታተላሉ። ለካሪቢያኑ ሊግ ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፤ እናታቸው ለጸሎት ሲቀሰቅሷቸው ግን እንዲህ አይነሱም ነበር። የደቡብ አፍሪካው ኤስኤ20 ላይ ደግሞ ስድስቱም ቡድኖች የአይፒኤል ባለቤቶች የገዟቸው ናቸውና፣ ዓለምን ሊያዩ ኬፕታውን ድረስ ሄደው የአይፒኤሉን የሙምባይ ቡድን ሰማያዊ ማሊያ ሲያገኙ "የኛ ልጆች" ብለው ደስ ይላቸዋል። ይሄ ነው እንግዲህ አድማስ ማስፋት!

የ2025ቱን የራንጂ ዋንጫ ማን ወሰደ ብትሏቸው ሳያቅማሙ "ሙምባይ" ይሏችኋል። ቪዳርባ ናት የወሰደችው፤ ሙምባይንም በግማሽ ፍጻሜ ያሰናበተችው እሷው ነች። ግን አልተሳሳቱም። በዚያው ዓመት የካቲት የኬፕታውኑ ሙምባይ የኤስኤ20ን ዋንጫ በልቷል፣ ኳስ በኳስ አይተውታል።